የተመለሰ ጌጥ

ሴኞር ታቫሬስ፣ ጥቅልሉ ደርሶኛል፤
ከአሥራ ሁለቱ ጌጥ ሰባቱ ተመልሶልኛል።
ከደረሰኙ ግርጌ በቀይ ቀለም ጽፈው፣
«የኋላ እግሯ ጎብጧል፣ ሥራው ጠማማ ነው፣
ልብ ቢሠሩ ይሻላል፣ ልብ ነው የሚሸጠው።»

ልብማ ሠርቻለሁ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፤
በጎንዶማር መንደር አንጥረኞች ሁሉ
ልብ ሲጠቀልሉ ውለው ያድራሉ።
አባቴ ሲሞት ወረንጦው የኔ ሆነ፣
ከፀጉር የሚቀጥን የብር ክር በዓይኔ
እየለካሁ ኖርኩ፤
ልብ የሸጥኩለት ሰው ልብ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህ አይደለም ሐዘኔ።

ስለ እግሯ ልንገርዎ።

ፋይስካ ትባላለች። ብልጭታ ማለት ነው።
ገና ግልገል ሳለች የእቶኑ ፍንጣሪ
ጅራቷን ለብልቦት፣ ስሟን እሱ አወጣው።
አምና በወይን ለቀማ ውሃ ውሃ አለች፤
ሳህኗን፣ የብሩን ማጠቢያ፣ የአበባውን ማሰሮ
ሁሉን አደረቀች።
እየበላች ከሳች።
ከጠረጴዛዬ ላይ መዝለል የለመደች
አንድ ቀን ተነሥታ ወለሉ ላይ ቀረች።
ከዚያ ወዲህ በጣቷ ቆማ አታውቅም፤
በተረከዟ ነው የምትራመደው፣
ነጠላ ጫማውን እየጎተተ እንደሚሄድ
ጡረተኛ ወታደር ነው።

ሐኪሟ ፊሎሜና ደሟን አየችና «ስኳር ነው» አለችኝ።
እኔማ ሳቅ መጣኝ፤ በሰርዲን ያደገች፣
ኬክ አሽትታ የምትዞር፣ ስኳር ከየት አመጣችብኝ?
መርፌ ሰጠችኝ፣ ከኔ ክር የቀጠነ፤
ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት፣
ቀኔ በሁለት ስፌት በዚያው ተወሰነ።
በእሳት ፊት ሠላሳ ዓመት እጄ ያልተንቀጠቀጠ፣
ያን ቀን ቆዳዋን በሁለት ጣቴ ስይዝ
ጉልበቴ እንደ ብር ቀለጠ።
እሷ ሰርዲኗን ትበላለች። ዞር ብላም አላየችኝ።

ብር ስጠመዝዝ ውዬ ብር አጥቼ ማታ፣
የመድኃኒቷ ጠርሙስ በእጄ ላይ ተደፍታ
የመጨረሻዋን ጠብታ ስጠብቅ ነው
ድመት መሥራት የጀመርኩት።
የመጀመሪያዋ ጉትቻ ነበረች፤
ለፋርማሲው ልጅ፣ ለዜፌሪኖ እናት፤
በለውጡ አመጣልኝ የአንድ ወር መድኃኒት።
ቀጥሎ ቀለበት፦ ጅራቷ ጣት የሚዞር፤
ቀጥሎ እርስዎ ጻፉልኝ፣ «አሥራ ሁለት ይሁኑ» ብለው።

በየካቲት አንድ ሌሊት፣ ዶሩ ወንዝ ሞልቶ ሲያጉረመርም፣
ሳትበላ ወጋኋት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳህኗን አላየሁም።
እኩለ ሌሊት ላይ ከጠረጴዛው ሥር
ተዘርግታ አገኘኋት፣
ዓይኗ እዚህ፣ እሷ ሌላ ቦታ።
ማር፣ ብላኝ ነበር ሐኪሟ፣ ማር።
ጣቴን ነክሬ ድዷን ቀባሁት፤
ወሩን ሙሉ ስኳር ስከለክል የኖርኩ ሴት
ተንበርክኬ «ላሺ፣ እባክሽ ላሺ» እያልኩ ስኳር ለመንኳት።
ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም።
ከዚያ ያ ምላሷ፣ ያ ሞረድ፣
ጣቴን ፋቀኝ።
እንደዚያ የጣመኝ ሞረድ የለም።

እዚህ አገር ድመት ሰባት ነፍስ አላት ይላሉ፤
ስንተኛዋ ላይ እንዳለች አልጠየቅኳትም።
እንቅልፍ አልመጣም። ፋኖሱን አብርቼ
እስኪነጋ ሠራሁ፣ ከፊቴ እሷን አስተኝቼ፤
እርስዎ የመለሷቸው ሰባቱ የዚያ ሌሊት ናቸው።
እግራቸው አልጎበጠም፤
ተረከዛቸው ነው መሬት የነካው።
ክሩን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ነው እንዲያ ያቆምኳቸው።

እና ልቡን ለሌላ ሰው ይዘዙ።
ሰባቱን አላቀናም። አንዷን ሽርጤ ላይ ሰክቻታለሁ፤
ሐኪሟ ሁለቱን ወሰደች፣
የቀሩት መስኮቱ ላይ ናቸው፣ ለሚገባው ሰው።

ይብቃኝ፤ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው።
ከማቀዝቀዣው በር ሥር ተቀምጣ ታየኛለች፣
በሰዓት ከኔ የተሻለች ናት።
የተሸጡትን የአምስቱን ሂሳብ ግን እስከ ዓርብ ይላኩልኝ።

ኢዳሊና